ዘይት የሚያፈስ የሎደር ጃክ በራስ እጅ እንዴት ይታደሳል?

ትራክተሩ ጠዋት ከቆመበት ሲነሳ መሬቱ ላይ የዘይት እድፍ ይቀራል፤ በጃኩ (ክንዱንና ባኬቱን በዘይት ግፊት በሚያንቀሳቅሰው ሲሊንደር) አንገት፣ ማለትም ዘንጉ በሚወጣበት ክዳን ዙሪያ ደግሞ ዘይትና አቧራ ተቦክቶ የተጋገረ ጥቁር ጭቃ አለ። አዳማና ወንጂ አካባቢ በሎደር፣ ማለትም ፊቱ ላይ ባኬት በተገጠመለት ትራክተር የሚሠራ ሰው ይህን ምልክት ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልገውም። የተለመደው መድኃኒት ሲል፣ ማለትም ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋውን ቀለበት፣ ገዝቶ መቀየር ነው። ብዙም ሳይቆይ እድፉ ይመለሳል፣ ሻጩ ይረገማል፣ ሌላ ሲል ይገዛል። ሲሉ በእርግጥ ተራ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ደህና ሲል በደህና ዘንግ ላይ ለዓመታት ይሠራል። ያለ ጊዜው ከተቆረጠ የቆረጠው ነገር አለ፤ ያ ነገር ካልተገኘ አዲሱንም እዚያው ሆኖ ይጠብቀዋል። ሲል መቀየር ቀላሉ ሥራ ነው። ጊዜ የሚወስደው ቆራጩን መፈለግ ነው፤ ገንዘብ የሚያድነውም እሱ ነው።

በእኛ አካባቢ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አቧራ ነው። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ከአሸዋና ከፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) መቆፈሪያ የሚነሳው ብናኝ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ስብርባሪ አለበት። ነፋሱን ደግሞ ማንም ያውቀዋል፤ አንዱ 51፣ ሌላው 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች እዚህ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ብናኝ ዘይት በነካው ዘንግ ላይ ይለጠፋል፣ ዘንጉ ሲገባ አብሮ ይገባል። አቧራ ጠራጊው ሲል ካረጀ ከኋላው ያለውን የዘንግ ሲል የሚያተርፈው ነገር የለም።

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት

የትራክተር ሎደር ሃይድሮሊክ በአብዛኛው ከ140 እስከ 200 ባር በሚደርስ ግፊት ይሠራል። የቤት መኪና ጎማ ግፊት ሁለት ባር ተኩል ገደማ መሆኑን አስቡና አመዛዝኑት። ከመርፌ ቀዳዳ በምታንስ ስንጥቅ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ እሾህ የወጋውን ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል፤ ውስጥ ግን ሥጋው እየሞተ ይሄዳል። በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት ጣት ወይም እጅ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ፍሳሽ በእጅ አይዳሰስም፤ ካርቶን አስጠግታችሁ ዘይቱ የሚያርፍበትን እዩ። የተወጋ ሰው ካለ ማጠብና በጨርቅ ማሰር አይበቃም። ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ፤ የወጋው ግፊት ያለው ዘይት መሆኑንም ለሐኪሙ ይንገር።

ባኬቱን ሜዳ ላይ አሳርፉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ከዚያም ሌቨሩን በሁሉም አቅጣጫ ደጋግማችሁ ግፉ፤ በመስመሩ ውስጥ የታመቀው ግፊት ይለቀቃል። ክንዱ ተነስቶ መሥራት ግድ ከሆነ ከፋብሪካው በመጣው የብረት ድጋፍ ወይም ክብደቱን በሚችል ቋሚ ብረት ይደገፍ። ብሎኬት ደርድሮ ከስር መግባት የለም። ብሎኬት ሲሰበር አያስጠነቅቅም።

የሚፈሰው ከየት ነው?

ጃኩን በናፍጣና በብሩሽ አጥባችሁ አድርቁትና ትንሽ አሠሩት። ዘይቱ ዘንጉን ተከትሎ ከወጣ ያለቀው የዘንጉ ሲል ነው። አንገቱ ከቱቦው ጋር ከሚገጥምበት ከወጣ ኦሪንጉ (ክብ የጎማ ቀለበቱ) ነው። ከሆዙ ጫፍ ወይም ከብየዳ ስንጥቅ ከሆነ ግን ጃኩን መክፈት አያስፈልግም፤ ይህን ሳያዩ ጃክ አውርደው የሚበትኑ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

የውስጡ ፍሳሽ ይበልጥ ያታልላል። ክንዱ ጭነት ይዞ ሞተር ሲጠፋ ቀስ እያለ ከወረደ ሁሉም የፒስተኑን፣ ማለትም በዘንጉ ጫፍ ሆኖ ቱቦው ውስጥ የሚመላለሰውን ክፍል ሲል ይከሳል። ነገሩን ግን በዘይቱ መንገድ አስቡት። ቫልቩ ሁለቱንም መስመር ከዘጋ፣ የፒስተኑ ሲል ቢያሳልፍም ዘይቱ የሚሄደው ወደ ዘንጉ በኩል ወዳለው ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ዘንጉ ቦታ ስለያዘ ከሌላው ወገን የሚመጣውን ዘይት ሁሉ አይችልም። ስለዚህ ክንዱ ጥቂት ወርዶ ይቆማል። ሳይቆም መሬት የሚደርስ ክንድ ዘይቱ በሌላ በር እየወጣ ነው፤ በሩም ብዙውን ጊዜ የመቆጣጠሪያው ቫልቭ ነው። የሁለቱም ችግር አብሮ ሊኖር ይችላል። ቫልቩ ያረጀ ሎደር ላይ ጃኩን ብቻ አድሶ ክንዱ ይቆማል ብሎ መጠበቅ ግን ትርፉ ድካም ነው።

የባኬቱን ጃክ ሳያወርዱ መፈተን ይቻላል። ባኬቱ መሬት ነክቶ ወይም ክንዱ በድጋፍ ላይ ሆኖ ዘንጉን እስከ መጨረሻው አውጡት፣ ሞተር አጥፍታችሁ ግፊቱን ልቀቁ፣ በዘንጉ በኩል ያለውን ሆዝ ፍቱና የሆዙን ጫፍ በብረት መድፈኛ ዝጉ። ክፍት የቀረውን የጃኩን አፍ በቁራጭ ሆዝ ወደ ባልዲ አውርዱት። ሌላ ሰው ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር አስነስቶ ሌቨሩን ዘንጉ ወደሚወጣበት አቅጣጫ ለአፍታ ይያዘው፤ እናንተ ራቅ ብላችሁ ባልዲውን ተመልከቱ። ዘይቱ ሳያቋርጥ ከወረደ የፒስተኑ ሲል ያሳልፋል። ጥቂት ጠብታ ብቻ ከሆነ ፒስተኑን ተዉትና ቫልቩን ጠርጥሩ።

ማውረድና መፍታት

ሆዞቹን ከመፍታታችሁ በፊት ምልክት አድርጉባቸው፤ የተቀያየሩ ሆዞች ሌቨሩን ግልብጥ ያደርጉታል። የሆዙንም የጃኩንም አፍ በመድፈኛ ወይም በንጹሕ ፕላስቲክ ዝጉ፤ ጨርቅ አትወትፉ፣ ክሩ ውስጥ ይቀራል። ፒኑን በመዳብ ወይም በነሐስ ዘንግ መታ መታ አድርጋችሁ አስወጡ። የማንሻ ጃክ እስኪያዝ ቀላል ይመስላልና ሁለት ሰው ይያዘው።

ለመፍታት የምትመርጡት ቦታ ከመሣሪያው ይበልጣል። ነፋስ የማይገባበት ክፍል፣ የታጠበ ጠረጴዛ፣ ንጹሕ ካርቶን። አጠገባችሁ ግራይንደር የሚሠራ ካለ ሥራውን ለሌላ ቀን ተዉት፤ የብረት ብናኝ ከአሸዋ አይሻልም።

አንገቱ በምን እንደተያዘ እዩ። በጥርስ (እንደ ብሎን እየዞረ) የሚገባ ከሆነ ለቀዳዳዎቹ የሚስማማ ባለ ሁለት ጥርስ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ከሌለ ቶርኖ ቤት ያሠሩት። በመሮና በመዶሻ ጠርዙን እየመቱ ማዞር አንገቱን ያበላሻል። በብሎን የታሰረ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። በውስጥ በኩል የብረት ቀለበት የያዘው ከሆነ አንገቱን መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ ቀለበቱን አውጡ። በቱቦው ጎን ረዘም ያለ ቀዳዳ ካያችሁ ደግሞ አንገቱን የያዘው ሽቦ ነው፤ አንገቱን ስታዞሩት የሽቦው ጫፍ በቀዳዳው ብቅ ይላል፣ ማዞሩን ስትቀጥሉ ተስቦ ያልቃል። ይህን ዓይነቱን የማያውቅ ሰው ቱቦውን እስከ መቁረጥ ይሄዳል።

ቱቦውን ፒስተኑ በሚመላለስበት መሐል ላይ በሞርሳ አትጭመቁት፤ ትንሽ ሞላላ ከሆነ አበቃለት። በጀርባው በኩል ባለው ጆሮ (ፒን የሚገባበት ጫፍ) ላይ ያዙት። ዘይቱን በሁለቱም አፍ ወደ ባልዲ አፍስሱና ዘንጉን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። እምቢ ካለ በኮምፕረሰር አየር መግፋት የለም። በአየር የተገፋ ፒስተን ሲለቅ ሰው ይገድላል።

ቀጥሎ የፒስተኑ ዳዶ ነው። ዘንጉን በጆሮው በኩል ያዙት፤ ክሮም የተቀባው ክፍል የሞርሳ ጥርስ እንዳይነካው። ዳዶው በሎክታይት የተጣበቀ ከሆነ በጉልበት አይፈታም፤ እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ማጣበቂያው ይላላል። ሲሎቹን ግን አስቀድማችሁ አውጡ፤ የሚቃጠል ሲል ጭስ መርዛማ ሊሆን ይችላል። ያልተከፈተ፣ ዘይት ያለበት ጃክ ላይ እሳት መልቀቅ ፈንጂ ላይ እሳት መልቀቅ ነው።

የተፈታውን ሁሉ እንደ አወጣጡ ቅደም ተከተል ደርድሩ። እያንዳንዱ ሲል ከመውጣቱ በፊት ከንፈሩ ወዴት እንደዞረ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

ቆራጩን መፈለግ

አሮጌውን ሲል አትጣሉት፤ መስካሪው እሱ ነው። በደማቅ ብርሃን ዙሪያውን እያዞራችሁ ከንፈሩን ተመልከቱ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ በሹል የተሰነጠቀ ከሆነ ዘንጉ ላይ ጭረት አለ ወይም ሲገባ ተቆርጧል። ዙሪያውን በሙሉ ሸካራ ከሆነ አቧራ በልቶታል። በአንድ ወገን ብቻ ተልጦ ሌላው ወገን አዲስ ከመሰለ ዘንጉ ጎብጧል ወይም ጃኩ በጎን እየተገፋ ነው፤ በዚህ ጊዜ የአንገቱን የውስጥ ክብ እዩ፣ በዚያው ወገን ተሞርዶ ታገኙታላችሁ። ጠንክሮ እንደ ፕላስቲክ የሚሰበር ከሆነ ሙቀት ነው። አብጦ የለሰለሰ ከሆነ ደግሞ የማይስማማው ፈሳሽ ነክቶታል፤ ዘይት ሲያንስ ፍሬን ዘይት የሚጨምር ሹፌር ካለ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ዘንጉ። በንጹሕ ጨርቅ ጠርጉትና ጥፍራችሁን በቁመቱም በዙሪያውም ቀስ ብላችሁ አስኪዱ። ጥፍር የያዘው ጭረት ሲልም ይይዘዋል። ዓይን ያላየውን ጥፍር ያገኘዋል፤ በተለይ ሎደሩ ቆሞ ሲያድር ወጥቶ የሚያድረው የዘንጉ ክፍል ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ የዝገት ጉድጓዶች ይኖራሉ። ድንጋይ መትቶት ጠርዙ ከፍ ያለ ጥቃቅን ጉዳት ከሆነ ከፍታውን ብቻ ዘይት በነካ ደቃቅ የመሳያ ድንጋይ አለስልሱ፤ ጉድጓዱን እስክታጠፉ አትፈትጉ፣ ክሮሙ ቀጭን ነው። ክሮሙ ከተላጠ ወይም ዝገቱ ከበዛ ሲል መቀየር ትርጉም የለውም። ዘንጉ እንደገና ክሮም ይቀባል፤ አለበለዚያ ክሮም የተቀባ ብረት ተገዝቶ ቶርኖ ቤት ጥርስ ይወጣለትና ጆሮው ይበየድበታል። ብየዳው የጎበዝ ሰው ሥራ መሆን አለበት፤ ጭነት የሚሸከመው እሱ ነው።

ቀጥ ማለቱን ለማየት ዘንጉን በሁለት ባለ ሹካ ማስቀመጫ ላይ አሳርፋችሁ አንድ የማይንቀሳቀስ ሹል ነገር ወደ መሐሉ አስጠጉና አዙሩት። ክፍተቱ ሲጠብና ሲሰፋ ካያችሁ ጎብጧል። ትንሹን ጉብጠት በፕሬስ የሚያቀና ሰው ይኖራል፤ ብዙ የጎበጠ ግን ይቀየር።

በቱቦው አንድ ጫፍ ባትሪ አብርታችሁ በሌላው ተመልከቱ። ቀለል ያለ ጭረት በፍሬን ሲሊንደር መፈተጊያና በዘይት ይስተካከላል፤ ጥፍር የሚይዝ የቁመት ጭረት ግን ለአዲሱ የፒስተን ሲል ቢላዋ ነው። ከተፈተገ በኋላ ነጭ ጨርቅ እስከማይጠቁር ድረስ እጠቡት።

በመጨረሻ ብዙ ሰው የሚረሳው፦ ፒንና ቡሽ (ፒኑ የሚዞርበት የውስጥ ቀለበት)። የጃኩ ጆሮ ቀዳዳ ሞላላ ከሆነ፣ ወይም ግራሶ ሳይደርሰው የፒኑ ወገብ ከተበላ፣ ጃኩ ጭነት ባነሳ ቁጥር ወደ ጎን ይገፋል። አንገቱን የሞረደው ይህ ከሆነ ቡሹን ሳይቀይሩ ሲል መግጠም ገንዘብ መበተን ነው።

ሲል ሲገዛ

የጃኩ ቁጥርና የትራክተሩ ሞዴል ካላችሁ ሙሉ ኪት (የሲሎች ስብስብ) ጠይቁ። ከሌለ ለኩ፤ የምትለኩት ግን አሮጌውን ሲል መሆን የለበትም፤ አብጦ ወይም ተጨምቆ መጠኑን ለውጧል። የዘንጉን ውፍረት፣ የቱቦውን የውስጥ ስፋት፣ ሲሉ የሚቀመጥበትን ጎድጓድ ስፋትና ጥልቀት በካሊፐር ውሰዱ። ሲሉ ላይ ሦስት ቁጥሮች ተጽፈው ታያላችሁ፤ ለምሳሌ 45፣ 55፣ 10 ከሆነ የውስጥ ስፋቱ፣ የውጭ ስፋቱና ቁመቱ ነው።

እዚህ ላይ የኢንችና የሚሊሜትር ወጥመድ አለ። የቤላሩስ ትራክተር በሚሊሜትር ይለካል፤ አሮጌ የእንግሊዝ ስሪቶች በኢንች ናቸው። 1 ኢንች ከ3/4 የሆነ ዘንግ 44.45 ሚሊሜትር ነው። በሜትር ማስመሪያ ለክቶ "45 ነው" ያለ ሰው 45 ሲል ይገዛል፤ ሲሉም ይገባል። ግማሽ ሚሊሜትር ግን ለዘይት ሰፊ በር ነው፤ ጃኩ በመጀመሪያው ቀን ያፈሳል፣ ጥፋቱም በሻጩ ላይ ይለጠፋል። ካሊፐሩ 44.45 ወይም 50.8 ካነበበ የኢንች ሲል ፈልጉ።

ለአቧራ ቦታ የዘንግ ሲልና አቧራ ጠራጊው ፖሊዩሬቴን ቢሆኑ ከተራ ጎማ ይልቅ መፋተግን ይችላሉ። የሚስማማ መጠን ሲጠፋ ከፖሊዩሬቴን ድፍን ቆርጦ የሚያወጣ ቶርኖ ቤት ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ ልኩን በጽሑፍ ስጡት። አቧራ ጠራጊው ርካሽ ስለሆነ "አሮጌው ይበቃል" የሚባለው እሱ ነው። እኔ ግን ገንዘብ አጥሮኝ አንዱን ብቻ ግዛ ብባል እሱን አልተውም።

መግጠም

ሁሉንም ክፍል በላምባ እጠቡ፣ አድርቁ፣ በአዲስ የሃይድሮሊክ ዘይት አርጥቡ። ቤንዚን ለእሳት ቅርብ ነውና ይቅር። የዘንጉ ሲል ከንፈር ግፊት ወዳለበት፣ ማለትም ወደ ጃኩ ውስጥ ይዞራል። የአቧራ ጠራጊው ከንፈር ወደ ውጭ ነው። ከኦሪንግ ጋር የሚገባ ጠንካራ ደጋፊ ቀለበት ካለ ግፊቱ ከሚመጣበት በተቃራኒው ወገን ይቀመጣል። በፒስተኑ ላይ ግፊቱ ከሁለቱም ወገን ስለሚመጣ ወይ ሁለት ሲሎች ጀርባ ለጀርባ ይሆናሉ ወይ በሁለቱም የሚሠራ አንድ ሲል ይኖራል፤ ፎቶው እዚህ ያግዛችኋል።

የዘንጉን ሲል እንደ ኩላሊት አጥፋችሁ በጣት ወደ ጎድጓዱ ልቀቁት። ካቻቢቴ አትንኩ፤ አስፈላጊ ከሆነ ጠርዙ የለሰለሰ እንጨት ይበቃል። ጠንካራው የፒስተን ሲል በሞቀ ውኃ ወይም ዘይት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ከገባ በኋላ በሰፊ ቀበቶ ጨምቃችሁ እስኪቀዘቅዝ ያዙት፣ ወደ ልኩ ይመለሳል።

አንገቱ ዘንጉ ላይ የሚገባው በጥርሱ በኩል ነው፤ አዲሱን ሲል የሚላጨውም ያ ጥርስ ነው። ጥርሱን በቀጭን ፕላስቲክ ጠቅልሉ፣ በዘይት አርጥቡ፣ አንገቱን እያዞራችሁ አሳልፉ። የፒስተኑ ዳዶ ራሱን የሚያጠብቅ ዓይነት ከሆነ አዲስ ግጠሙ፤ ካልሆነ ጥርሱን ከዘይት አጽድታችሁ ሎክታይት ተጠቀሙ። የማጥበቂያው ኃይል በትራክተሩ መመሪያ መጽሐፍ እንደተጻፈው ይሁን፤ በግምት የጠበቀ ዳዶ ጃኩ ውስጥ ሲፈታ ፒስተኑ ቱቦ ውስጥ ቀርቶ ዘንጉ ብቻውን ይወጣል።

ፒስተኑ ወደ ቱቦው ሲገባ የዘይቱን ቀዳዳ ወይም የሽቦውን ጎድጓድ ሲያልፍ ሲሉ ጠርዝ እንዳይዘው ተጠንቀቁ። ሹል ጠርዝ ካለ አስቀድማችሁ አለስልሱ። ቀጥ ብሎ፣ በዘይት ርሶ፣ በቀስታ ይግባ። በመዶሻ የሚገባ ፒስተን ሲሉን ቆርጧል ማለት ነው፤ አውጡትና እዩ።

አየር ማስወጣት

ጃኩ ተገጥሞ ሆዞቹ ከታሰሩ በኋላ ወዲያው ጭነት አታንሱ። ባዶ ጃክ ውስጥ ያለው አየር በከፍተኛ ግፊት በድንገት ሲታመቅ ይግላል፤ ከዘይት ጭጋግ ጋር ሆኖ በናፍጣ ሞተር ውስጥ እንደሚሆነው ይቀጣጠላል፣ አዲሱንም ሲል በአንድ ጊዜ ያቃጥለዋል። ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር አስነሱ፣ ባኬቱ ባዶ ሆኖ ዘንጉን በቀስታ እስከ ጫፍ ድረስ አውጡና መልሱ። መንቀጥቀጡ እስኪቆም ደጋግሙ።

ዘይቱን ባኬቱ መሬት ላይ አርፎ ለኩ፤ ጃኮቹ ወጥተው የሚለካ ዘይት ጎደለ ያሰኛል፣ የተጨመረው ደግሞ በኋላ ይተርፋል። ብዙ ትራክተሮች ለማርሽና ለሃይድሮሊክ የሚጠቀሙት አንድ ዘይት ስለሆነ መጽሐፉ ያዘዘውን ዓይነት ጨምሩ። ታንኩ ውስጥ ያለው ዘይት ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታልና ከነፊልተሩ ቀይሩት። አሮጌውን ዘይት ወደ ቦይ አታፍስሱ።

በመጀመሪያው ቀን ሥራ ዘንጉ ላይ ስስ የዘይት ፊልም ብታዩ አትደንግጡ፤ ሲሉ የሚረጥብበት ነው። ጠብታ ሆኖ የሚወርድ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ማታ ማታ ባኬቱን ስታሳርፉ የቻላችሁትን ያህል ዘንግ ወደ ውስጥ ይግባ። ከአንድ ወገን ያለው ጃክ ሲታደስ የሌላው ወገንም ዕድሜው እኩል ነው፤ አውርዱትና አብራችሁ ክፈቱት፣ ቢያንስ ዘንጉን በጥፍራችሁ ፈትኑት።